ለቆየ አቤቱታ መልስ መስጠት

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። አሁን ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ጋቢያችሁን ደርባችሁ አንብቡት።

የቀድሞ ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «ቲቸር፣ ኦፕን ሶርስ ላይ ይሠራሉ አሉ፤ ኮድ ይጽፋሉ እንዴ?» አልጽፍም። «ታዲያ ይከፈልዎታል?» አይከፈለኝም። «ታዲያ ምንድነው የሚሠሩት?» የቆዩ የባግ ሪፖርቶችን አነባለሁ፣ እለያለሁ፣ መልስ እጽፋለሁ። እዚህ ላይ ሲደርሱ አብዛኞቹ «እሺ ቲቸር» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። በጨዋነት ነው እንጂ «ሰውዬው ሥራ ፈትቷል» ማለታቸው እንደሆነ አይጠፋኝም።

ስለዚህ ዛሬ በደንብ ላስረዳ። ነገሩ የኮምፒውተር ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ኮምፒውተር የማትወዱም ቆዩ።

ባግ ማለት የሶፍትዌር ስህተት ነው። ፕሮግራሙ መሥራት ያለበትን ሳይሠራ ሲቀር፣ ወይም ማንም ያላዘዘውን ሲሠራ ማለት ነው። የባግ ሪፖርት ደግሞ ተጠቃሚው «ይህን ስጫን ይህ ሆነብኝ» ብሎ ለሠሪዎቹ የሚጽፈው አቤቱታ ነው። በኦፕን ሶርስ ዓለም አቤቱታው የሚገባው ለሁሉም ክፍት በሆነ መዝገብ ውስጥ ነው። ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ማንም ገብቶ ሊያነበው ይችላል። ከእነዚህ መዝገቦች አንዱ ባግዚላ ይባላል። በ1998 በሞዚላ ፕሮጀክት የተጀመረ ነው፤ ዛሬም ብዙ ፕሮጀክቶች ይጠቀሙበታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ መዝገቦቹም እንደዚያ ስለሆኑ።)

እኔ የምሠራው ሊብረኦፊስ ላይ ነው። እኛ ላብ ውስጥ ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ደብዳቤ የምንጽፍበት፣ ሠንጠረዥ የምንሠራበት ነጻ ፕሮግራም። የዘር ሐረጉ ረጅም ነው። ጀርመን አገር ስታርኦፊስ ተብሎ ተወለደ። በ1999 ሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው፣ ከዚያ ኦፕንኦፊስ ሆኖ ኮዱ ለሕዝብ ተለቀቀ። በ2010 ኦራክል ሰንን ጠቅልሎ ሲገዛ፣ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ተለይተው ወጡና ሊብረኦፊስን መሠረቱ። ዛሬ ከጀርባው ያለው በርሊን የተመዘገበ ዶክመንት ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ነው።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ለጌጥ አይደለም። መዝገቡ ላይ «ከኦፕንኦፊስ የተወረሰ» የሚባል ምድብ አለ። ስህተቱ ከሊብረኦፊስ ራሱ በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎቼ ጡት ሳይጥሉ የተጻፉ አቤቱታዎች እዚያ አሉ። የመዝገብ ቁጥሩ ከ160 ሺህ አልፏል። እርግጥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዝገቡ ከሌሎች ፕሮጀክቶች ጋር የጋራ ስለነበር ቁጥሩ ሁሉ የሊብረኦፊስ አይደለም፤ አብዛኛውም መልስ አግኝቷል። ቢሆንም ዛሬም ክፍት ሆነው የሚጠብቁት በሺዎች ይቆጠራሉ።

ታዲያ እኔ እዚያ ውስጥ ምን አደርጋለሁ?

ሆስፒታል የሄደ ሰው ትሪያጅን ያውቃል። ካርድ ካወጣችሁ በኋላ አንዲት ነርስ ግፊትና ሙቀት ትለካለች፣ የሚያማችሁን ትጠይቃለች፣ ከዚያ «እርስዎ ድንገተኛ ይግቡ»፣ «አንተ ተመላላሽ ሂድ»፣ «አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ» ትላለች። ቀዶ ጥገና አትሠራም፣ መድኃኒት አታዝም። ግን እሷ ከሌለች ጣቱን የቆረጠውና ትንፋሽ ያጠረው እኩል ተሰልፈው ነው የሚጠብቁት። የእኔም ሥራ እሱ ነው። ኮዱን የሚያክሙት ሐኪሞች ሌሎች ናቸው፤ እኔ በሩ ላይ ያለሁት ነኝ።

አንድ ምሽት እንዴት እንደሚያልፍ ልንገራችሁ። ልጆቹ ይተኛሉ፣ የሌሊት ፓኬጅ እሞላለሁ፣ ከመዝገቡ ለረጅም ጊዜ ማንም ያልነካቸውን አቤቱታዎች አወጣለሁ። በአንድ ምሽት ሦስት፣ ቢበዛ አምስት። ከዚያ በላይ ከሆነ ማንበቡ ይቀርና መቁጠር ይሆናል።

መጀመሪያ አቤቱታውን እስከ መጨረሻ አነባለሁ። ከሥር የተጻፉትን አስተያየቶች ጭምር። ከዚያ ሰውዬው ያያያዘውን ፋይል አወርድና በአዲሱ ቨርዥን እከፍተዋለሁ። ልክ እሱ እንዳለው፣ በዚያው ቅደም ተከተል እጫናለሁ። ችግሩ ዛሬም ካለ፣ ወደ ኋላ እመለስና እ.ኤ.አ. በጥር 2011 በወጣው በመጀመሪያው ቨርዥን፣ በ3.3 እሞክረዋለሁ። የድሮዎቹ ቨርዥኖች ሁሉ ማኅደር ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ማንም ያወርዳቸዋል። በ3.3 ላይም ካለ ስህተቱ የቆየ ነው። በ3.3 ላይ ከሌለና ዛሬ ካለ ግን መሐል ላይ አንድ ሰው አንድ ነገር ሲያስተካክል ሌላ ነገር ሰብሯል ማለት ነው። ይህን መለየት ብቻውን ለፕሮግራመሩ ትልቅ ስጦታ ነው።

ለምን ትልቅ እንደሆነ ክፍል ውስጥ የምንጫወታትን ጨዋታ አስታውሱ። ከ1 እስከ 1000 አንድ ቁጥር በልቤ እይዛለሁ፣ እናንተ ትገምታላችሁ፣ እኔ «ከፍ»፣ «ዝቅ» ብቻ እላለሁ። ከ1 ጀምሮ በተርታ የሚጠራ ልጅ ደወል ይደወልበታል። 500 ብሎ የሚጀምር፣ ከዚያ 250 ወይም 750 የሚል ግን በ10 ሙከራ ያገኘዋል፤ 2 አሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1024 ስለሆነ። ሊብረኦፊሶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በየጊዜው የተሠሩ ፕሮግራሞች በተርታ ተቀምጠዋል። መሐለኛውን ትከፍታላችሁ፣ ስህተቱ አለ? የለም? እያላችሁ በግማሽ በግማሽ ትቆርጡና ስህተቱ የገባበት ለውጥ ላይ ትደርሳላችሁ። አንድ መስመር ኮድ ማንበብ አያስፈልግም። ዓይንና ትዕግሥት ይበቃል። (የፋይሉ ክምችት ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ እኔ በፓኬጄ አልደፍረውም። ያን ክፍል ለሌሎች እተወዋለሁ። ዋይፋይ ያላችሁ ግን ትችላላችሁ።)

ከፈተሽኩ በኋላ የማገኘው ውጤት ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው።

አንደኛው፣ ችግሩ ዛሬም አለ። «በዚህ ቨርዥን፣ በዚህ ኮምፒውተር ሞክሬዋለሁ፣ አሁንም አለ» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ መስመር ናት፤ አቤቱታው ግን ከሞተ ፋይልነት ወደ ሕያው ጉዳይነት ይመለሳል።

ሁለተኛው፣ ድግግሞሽ ነው። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንዱ «ሠንጠረዤ ጠፋ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ገጹ ባዶ ሆነ» ይላል፣ ሦስተኛው «ፕሪንተሬ ተበላሸ» ይላል። ፋይሎቹን ስትከፍቷቸው ሕመሙ አንድ ነው። ሦስቱም የሚያውቁትን ነው የተናገሩት፤ ያዩት ግን ከተለያየ ወንበር ነው። በደንብ ከተጻፈው ጋር አያይዛቸዋለሁ። ያን ጊዜ የአንድ ሰው ቅሬታ የነበረው የሦስት ሰው ይሆናል፤ ክብደቱ ይጨምራል።

ሦስተኛው፣ መረጃ ጎደለ። «አይሠራም» ብቻ ብሎ የሄደ ሰው። ምን ስታደርግ? በየትኛው ቨርዥን? ፋይሉ የታለ? ብዬ በትሕትና እጠይቃለሁ። 6 ወር ያህል መልስ ካልመጣ ማስታወሻ ይላካል፤ ከዚያ አንድ ወር ቆይቶም ዝም ካለ «በቂ መረጃ የለም» ተብሎ ይዘጋል።

አራተኛው ነው በጣም የምወደው። ችግሩ ጠፍቷል! በድሮው አለ፣ በአዲሱ የለም። መቼ፣ በማን እጅ እንደዳነ አይታወቅም። እዚህ ላይ ደንቡ ጥብቅ ነው፤ «ተስተካክሏል» ብሎ መዝጋት አይፈቀድም። «ተስተካክሏል» የሚባለው የትኛው የኮድ ለውጥ እንዳዳነው ሲታወቅ ብቻ ነው። ካልታወቀ «እኔ ጋ ይሠራል» ብላችሁ ነው የምትዘጉት። መጀመሪያ ላይ ይህ የቢሮክራሲ ወግ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን አስቡት። ልጁ ጉንፋን ይዞት ዳማከሴ ጠጥቶ ዳነ። ዳማከሴው አዳነው ወይስ ጊዜው ደርሶ ለቀቀው? «ድኗል» ማለት አንድ ነገር ነው፣ «ያዳነው ይህ ነው» ማለት ሌላ ነው። የምናየውንና የምናውቀውን ለይቶ መናገር ትልቅ ትምህርት ነው። እኔ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ማስረጃ ሳስተምር ከመጽሐፉ ይልቅ ይህን ምሳሌ ነው የምጠቀመው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ።

አንድ ዘመን እሠራበት የነበረ ቦታ፣ ስሙ ይቅርና፣ ኮሪደሩ ላይ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ነበር። በቫርኒሽ የተቀባ፣ ቁልፍ ያለው። ባለጉዳይ ወረቀት ይጨምርበታል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ግድግዳው ሊቀባ ሳጥኑ ሲወርድ ጊዜ ተሰብሮ ተከፈተ። ውስጡ ዓመታት የቆየ ወረቀት ነው። አንዱ የሽንት ቤቱ በር መሰበሩን ይናገራል፤ በሩ ያኔም እንደተሰበረ ነበር። ሌላው ስለ አንድ ሠራተኛ ክፉ ምላስ የተጻፈ ነው፤ ሠራተኛው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ቀለም ቀቢዎቹ ወረቀቱን ጠርገው ከአሮጌው ቀለም ቅርፊት ጋር አወጡት።

እኔ ያንን ሳስብ የሚያሳዝነኝ በሩ ሳይሠራ መቅረቱ ብቻ አይደለም። በጀት ላይኖር ይችላል። የሚያሳዝነኝ፣ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ወረቀት ፈልጎ፣ ስክሪብቶ ለምኖ፣ «ይሰማኝ ይሆናል» ብሎ የጻፈውን ማንም አለማንበቡ ነው። አንብቦ «አይቻልም» ማለት መልስ ነው። ሳያነቡ መጣል ግን ሰውዬውን እንደሌለ መቁጠር ነው።

በሶፍትዌር ዓለምም ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ጄሚ ዛዊንስኪ የሚባል ኔትስኬፕን ከሠሩት የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራመሮች አንዱ፣ በ2003 ግኖም የተባለውን የዴስክቶፕ ፕሮጀክት በዚሁ ጉዳይ ክፉኛ ተችቶ ነበር። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ እሱ በአሮጌው ላይ የጻፋቸው አቤቱታዎች ማንም ሳይፈትሻቸው በጅምላ ተዘጉ። አዲሱን ቤት ሠራን፣ የአሮጌው ቤት ቀዳዳ አይመለከተንም እንደማለት ነው። ቀዳዳው ወደ አዲሱ ቤት ተከትሏቸው እንደመጣ ማን አየ?

ዛሬ ደግሞ ሥራው ለሮቦት ተሰጥቷል። ጊትሃብ ላይ ብዙዎች የሚጠቀሙበት አንድ መሣሪያ አለ፤ ካልቀየራችሁት በስተቀር 60 ቀን ያልተነካን አቤቱታ «ደርቋል» ይለዋል፣ ከ7 ቀን በኋላ ይዘጋዋል። የከሳሽን ጩኸት በቀን መቁጠሪያ መመዘን ነው። ሰውዬው ዝም ያለው ችግሩ ስለጠፋ ነው? ተስፋ ስለቆረጠ ነው? ታሞ ነው? ሮቦቱ አይጠይቅም።

ግን ሌላውንም ወገን ልስማ፣ ፍርድ ሁለት ጆሮ ይፈልጋል። እነዚህን ፕሮጀክቶች የሚሠሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ እንደ እኔ ከሥራ በኋላ፣ ያለ ክፍያ ነው የሚሠሩት። በሺህ የሚቆጠር ያረጀ አቤቱታ ፊታቸው ላይ ተከምሮ ሲያዩ፣ ዛሬ የሰው ፋይል የሚያጠፋው ክፉ ስህተት በክምሩ ውስጥ ተደብቆ ያመልጣቸዋል። ፌዶራ የተባለው ሊኑክስ በ6 ወር ገደማ አዲስ ቨርዥን ያወጣል፣ አንዱን ቨርዥን የሚንከባከበው ለ13 ወር ያህል ነው፤ የቨርዥኑ ዕድሜ ሲያልቅ በእሱ ላይ የተጻፉት ይዘጋሉ። ጭካኔ ይመስላል፤ ግን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይጽፋሉ፣ «ችግሩ በአዲሱም ካለ ንገሩን» ይላሉ። ሊብረኦፊስም ከዓመት በላይ ያልተነካን የተረጋገጠ አቤቱታ «እባካችሁ በአዲሱ ሞክሩልን» የሚል መልእክት ይልክበታል። ያ መልእክት ራሱ በማሽን የሚላክ ነው። ልዩነቱ፣ የሚዘጋ ሳይሆን የሚጠይቅ መሆኑ ነው።

የእኔ አቋም እንግዲህ ይህ ነው፤ መዝጋት ኃጢአት አይደለም። ሳያነቡ መዝጋት ነው ነውሩ። ከክምሩ ጋር የሚታገል አንድ ሰው በጨመረ ቁጥር፣ ሳያነብ የሚዘጋ ሮቦት የሚያስፈልገው በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ዕድሜ ብቻውን ደግሞ ምንም አይናገርም። ሁለት የታወቁ ታሪኮች ልንገራችሁ። ፋየርፎክስ ላይ ማውሳችሁን አንድ ነገር ላይ ስታቆሙ ብቅ የምትል ትንሽ ማብራሪያ አለች አይደል? ወደ ሌላ ፕሮግራም ስትሄዱም አልጠፋም ብላ ከላይ ተለጥፋ የምትቀርበት ስህተት ነበር። በ2002 ተመዘገበ፣ በ2023 ተስተካከለ። 21 ዓመት! አንዱ ሮቦት በ60 ቀን ዘግቶት ቢሆን ኖሮ አስቡት። በሌላ በኩል የኡቡንቱ መሥራች ማርክ ሻትልዎርዝ በ2004 በቁጥር 1 ያስመዘገበው አቤቱታ «ማይክሮሶፍት አብዛኛውን ገበያ ይዟል» የሚል ነበር። በ2013 ራሱ ዘጋው። ኡቡንቱ ዊንዶውስን ስላሸነፈ አይደለም፤ ስልክና ታብሌት መጥተው የገበያውን መልክ ስለቀየሩት ነው። አንዱ አርጅቶም እውነት ነበር፣ ሌላው ዓለም ጥሎት ሄደ። የቱ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ሲታይ ነው እንጂ በዕድሜው አይደለም።

ለመሆኑ ሰዎቹስ ምን ይላሉ? ለአብዛኛው መልሴ ምንም አይመጣም። ኢሜይላቸውን ቀይረዋል፣ ሥራ ለቀዋል፣ ረስተዋል። አንዳንዴ ቁጣ ይመጣል፤ «ከስንት ዓመት በኋላ አሁን ነው እንዴ የምትመጡት?» የሚል። እኔ አልከራከርም፤ ልክ ነው፣ ዘግይተናል። «ይቅርታ፣ ፋይሉ አሁንም ካለህ ላክልኝና ዛሬውኑ ልሞክረው» እላለሁ። ገርሟችሁ ይሆናል፣ ከተቆጡት ብዙዎቹ ፋይሉን ይልካሉ። የተቆጣ ሰው ገና ተስፋ አልቆረጠም። አንዱ ደግሞ ያን ፕሮግራም መጠቀም ካቆመ እንደቆየ ነገረኝና፣ «ግን አንድ ሰው ስላነበበው አመሰግናለሁ» ብሎ ጨረሰ። ይህችን አረፍተ ነገር ከደሞዝ ጋር አላወዳድራትም፣ ዳቦ አትገዛም። ግን ያን ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

አሁን ወደኛ ጉዳይ፣ ይህን ሁሉ ወደጻፍኩበት ምክንያት ልምጣ።

መዝገቡ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ አቤቱታ ሲገባ «ያልተረጋገጠ» ነው። የጻፈው ሰው ራሱ ሊያረጋግጠው አይገባም፤ ሌላ ሰው ሞክሮ «እውነት ነው፣ እኔም አየሁት» ማለት አለበት። ምስክር ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ ለተፈጠረ ችግር ምስክር አይጠፋም። የግዕዝ ፊደል ችግር ሲሆንስ? በርሊን ያለው በጎ ፈቃደኛ ፋይላችሁን ከፍቶ ቢያይ፣ ትክክለኛው የቱ፣ የተበላሸው የቱ እንደሆነ በምን ያውቃል? ለእሱ ሁለቱም እኩል ባዕድ ነው። አልናቀንም። ማንበብ ስለማይችል ነው የሚያልፈው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ሰው «ፕሮግራሙ የድሮ ፋይሌን አበላሸው፣ አማርኛው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነ» ብሎ ጻፈ እንበል። ማንም የውጭ ሰው ይህን ሊፈታው አይችልም። እኛ ግን ወዲያው ይገባናል። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ በየመሥሪያ ቤቱ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፎንቶች ነበሩ፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ወስደው የግዕዝ ቅርጽ የሚያስቀምጡ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሥሩ ያለው የላቲን ፊደል ይወጣል። ትምህርት ቤት የድሮ ፈተና በፍላሽ ይዞ የመጣ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ መልሱ «ባግ አይደለም» ነው። ግን ብቻውን «ባግ አይደለም» ብሎ መዝጋት ሰውዬውን ሜዳ ላይ መተው ነው። ፎንቱን ይጫን፣ ወይም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ይቀይር ብሎ መንገድ ማሳየት ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው የአገሬው ሰው ነው።

ሌላ እንበል፤ «ፀሐይ ብዬ ስፈልግ ጸሀይ ተብሎ የተጻፈውን አያገኝልኝም» የሚል አቤቱታ። ይህ ስህተት ነው? ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በድምፅ አንድ እንደሆኑ፣ ሰዉም እያቀያየረ እንደሚጽፋቸው የማያውቅ ሰው «ፕሮግራሙ ትክክል ነው፣ ፊደሎቹ የተለያዩ ናቸው» ብሎ ይዘጋዋል። በሕጉ አልተሳሳተም። የሚያውቅ ሰው ግን «ስህተት ባይሆንም የማሻሻያ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ለኛ ተጠቃሚ እንዲህ ነው» ብሎ በትክክለኛው ምድብ ያስቀምጠዋል። ወይም ደግሞ አራት ነጥብ (።) መሆን ሲገባው ሁለት ሁለት ነጥብ (፡፡) ደርድሮ የጻፈ ሰው «የዓረፍተ ነገሬን መጨረሻ አያውቅልኝም» ብሎ ሊከስ ይችላል። ሁለቱን በዓይን የሚለይ፣ ሰው ለምን እንደዚያ እንደሚጽፍ የሚገባው ማን ነው? እኛው ነን።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ፌስቡክ ላይ «ይሄ ፕሮግራም ለአማርኛ አይሆንም» ብለን እንጽፋለን፣ አርባ ሰው ላይክ ያደርጋል፣ በቃ። መዝገቡ ውስጥ ያልገባ አቤቱታ ቁጥር የለውም፣ ቀን የለውም፣ ከዛሬ አሥር ዓመት በኋላ አንብቦ የሚሞክረው ሰው አያገኝም። ኮሜንት ላይ የተጻፈ ቅሬታ እስከ ማታ አይቆይም።

ስለዚህ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ተመርቃችሁ ሥራ የምትጠብቁ፣ ይህን ሞክሩ። ሥራ ያስገኛል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ላያስገኝ ይችላል። የሚሰጣችሁን ግን አውቃለሁ። የሌላን ሰው ችግር እስከ መጨረሻ ማንበብ ትለምዳላችሁ። በማታውቁት ሰው ፊት፣ በስማችሁ፣ ያያችሁትን ብቻ መጻፍ ትለምዳላችሁ። እንግሊዝኛችሁም በሦስት ወር ውስጥ ይለወጣል፤ በቀን አንድ አጭር ጥርት ያለ አንቀጽ የሚጽፍ ሰው ወደ ኋላ አይሄድም።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። አዲሱን ቨርዥን ጫኑ። መዝገቡ ላይ አካውንት ክፈቱ። ፋይል የተያያዘበት፣ ለረጅም ጊዜ ያልተነካ አንድ አቤቱታ ምረጡ፤ አንድ ብቻ። ሞክሩት። ከዚያ ሦስት ነገር ጻፉ፤ በየትኛው ቨርዥንና በየትኛው ሲስተም እንደሞከራችሁ፣ ምን ምን እንደተጫናችሁ፣ ምን እንዳያችሁ። ምክንያቱን አትገምቱ፣ ሰውዬውን አትውቀሱ፣ «እኔ ጋ ይሠራል» ካላችሁም በምን ላይ እንደሠራ ሳትናገሩ እንዳትዘጉ።

እንግሊዝኛው የሚያስፈራችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ በአማርኛ ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አብረን እናስተካክለዋለን። የግዕዝ ፊደል ላይ የገጠማችሁ ችግር ካለ ደግሞ ኮሜንት ላይ አትተዉት። ፋይሉንና ስክሪንሹቱን ይዛችሁ ኑ። ቁጥር እንስጠውና አንዳችን ጽፈን ሌላችን እንመስክርለት።

ቸር ሰንብቱ።